በልፊያ ስም

ሰው የሚወደውን ነገር ራሱን ለማዳን ሲል ጥፋት ብሎ ከመዘገበው፣ ያ ነገር ዳግመኛ የእርሱ አይሆንም። ኋላ ቢጸጸት፣ እውነቱን በሸንጎ ፊት ቢናገር፣ የተበደለውም ቢካስ፣ አይሆንም። የሚከተለው ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

ተርጓሚው በአንድ የካርቶን ፋብሪካ ውስጥ፣ ከደረጃው በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ይሠራ ነበር። የክፍሏ መስኮት የሚከፈተው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ማምረቻው አዳራሽ ስለነበረ፣ ከወረቀቱ ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው የአክስቱን ልጅ ነበር። የአክስቱ ልጅ የትልቁ ቆራጭ ማሽን ሠራተኛ ነው። ሁለቱ በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ አድገዋል፤ ተርጓሚው ገና በአራት ዓመቱ እናቱ ስለሞተችበት አክስቱ ከልጇ ሳትለይ አሳድጋዋለች። ልጅ ሳሉ ሰፈሩ ያወጣላቸው ቅጽል ስምም እስከ ጎልማሳነታቸው ተከትሏቸዋል። ትከሻ ሰፊውን ቆራጭ ሰው ሁሉ «ግንዱ» ይለዋል፤ ቀጭኑን ተርጓሚ ደግሞ «ሽቦ»።

እነዚህ ሁለት ሰዎች አርባን ካለፉ በኋላ፣ አንደኛው የሦስት ሴት ልጆች አባት ሆኖ፣ ሌላው ሳያገባ መነጽር አድርጎ፣ ልፊያ አልተዉም ነበር። በየጠዋቱ የሥራ ደወል ከመደወሉ በፊት፣ በአዳራሹ በር አጠገብ ካለው የቱታ መስቀያ ዘንድ ይገናኛሉ። «እንደምን አደርህ» አይባባሉም። ግንዱ ከኋላ መጥቶ ሽቦን በብብቱ ይዞ ከመሬት ያነሣዋል፤ ሽቦ አንድ እግሩን ግድግዳው ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ አንዱ የሌላውን አንገት በክንዱ ይጠመጥማል፤ መነጽር ይወድቃል፣ ቁልፍ ይበጠሳል። ሰላምታቸው ይህ ነበር።

«ቁርስ አልበላህም እንዴ? ከትናንት ቀለሃል» ይላል ግንዱ።

«አንተ የበላኸው ለሁለታችንም ይበቃል» ይላል ሽቦ፣ ጎኑን በጣቱ እየወጋ።

በሙጫ ማሽን ላይ የምትሠራው ሴት ሻርፗን ከጎናቸው ስትሰቅል በየቀኑ ትታዘባቸዋለች። «እናንተ ሰዎች፣ የግንዱ ልጆች ቢያዩዋችሁ ማን ወላጅ ማን ልጅ እንደሆነ ይጠፋቸዋል። እለፉና ልስቀልበት።»

ነገሩ ለዕድሜያቸው የሚመጥን አልነበረም፤ ክፋት ግን አልነበረበትም፤ ልክም ነበረው። ደወሉ ሲደወል እጃቸውን ይለቃቀቃሉ። በማሽኑ ዙሪያ ከተሰመረው ቢጫ መስመር ወዲያ አንዱ ሌላውን ነክቶት አያውቅም። ግንዱ ሥራ ላይ ሳለ ስሙን የጠራውን ሰው እንኳ፣ ቢላዋው ወደ ላይ ተመልሶ እስኪቆም ድረስ ዞሮ አያየውም ነበር።

ማሽኑ የተገዛው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ከማሽኑ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ የደኅንነት ደንብ መጣ፤ መተርጎሙም የሽቦ ሥራ ሆነ። ስምንቱን ደንቦች በግማሽ ቀን ጨረሰ፤ በዘጠነኛው ላይ ሁለት ቀን ተቀመጠ። ያስቸገረው «ሆርስፕሌይ» የሚለው ቃል ነበር። እንዳለ ቢፈታ የፈረስ ጨዋታ ይሆናል፤ ያን ቢጽፍ ደግሞ ሠራተኞቹ ፈረሱ የት እንደታሰረ ሲጠይቁ ሊውሉ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ግንዱ ወረደ።

«አንድ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ» አለው።

«ምን ማለት ነው?»

«ትልልቅ ሰዎች ያለ ጠብ ሲገፋፉ፣ ሲጓተቱ፣ ሲታገሉ ማለት ነው። የመጽሐፍ ቃል አይደለም፤ የመንደር ነው። አለቃ ሠራተኞቹን ሲቆጣ ይለዋል፤ እናት ልጆቿ ወንበር ሲሰብሩባት ትለዋለች። ቀልድም አለበት፣ ቁጣም አለበት።»

ግንዱ ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ አስቀመጠ። ከዚያም ተነሥቶ የተርጓሚውን ራስ በብብቱ ሥር አስገባና አጥብቆ ያዘው።

«እንዲህ ነው?»

«አዎ» አለ ሽቦ ከብብቱ ሥር።

«ታዲያ ልፊያ በለዋ። ለዚች ነው ሁለት ቀን የተገተርከው? ደሞዝህን ለእኔ ስጠኝ።»

ደንቡ እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፦ «በማሽን አጠገብ መላፋት ክልክል ነው። በልፊያ ምክንያት አደጋ ያደረሰ ሠራተኛ ከሥራ ይሰናበታል።» ተርጓሚው ደንቡን በአዳራሹ ቆሞ ባነበበ ጊዜ ማብራሪያም ጨምሮበት ነበር፤ ቁጣ ያለበት ግፊያ ጠብ እንጂ ልፊያ አይባልም፤ ከድካም የመጣ ስሕተትም ልፊያ አይባልም፤ ብቻውን ያለ ሰውም አይላፋም። እንግዲህ ኋላ የሆነውን ሳያውቅ አደረገው ማለት አይቻልም።

በስድስተኛው ዓመት ለአንድ ጫማ አምራች ብዙ ሺህ ሣጥን በአጭር ጊዜ እንዲደርስ ታዘዘ። ማሽኑ የብረት ወንፊት መከለያ ነበረው፤ መከለያው ሲነሣ ቢላዋው ይቆማል፣ ሲወርድ ይሠራል። ካርቶኑ በተጨመረ ቁጥር መከለያውን ማንሣትና ማውረድ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሥራ አስኪያጁ ፈትተው እንዲያስቀምጡት አዘዘ። ግንዱ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። በመጀመሪያው ጊዜ «ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው» ተባለ፤ በሁለተኛው ጊዜ «ካልቻልክ የሚችል እንፈልጋለን» ተባለ። ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ሠራ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አንድ ካርቶን ጠርዙ ታጥፎ ተሰነቀረ። ግንዱ ሊያቃናው እጁን ሰደደ፤ ቢላዋው ወረደ። ተርጓሚው በመስኮቱ አይቶታል። በዚያች ሰዓት በማሽኑ አጠገብ፣ ከቢጫው መስመር ውስጥ፣ ከግንዱ በቀር ማንም አልነበረም።

ተርጓሚው ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አያስታውስም። የሙጫ ማሽን ሠራተኛዋ ሻርፗን ስትወረውርለት የቆሰለውን እጅ ጠቀለለበት፤ ወደ ሕክምና ሲሄዱም ከጎኑ ተቀምጦ እጁን ወደ ላይ ደግፎ ያዘ። የቀኝ እጁ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ከመሐል አንጓቸው በላይ ሄደዋል። ግንዱ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ላብ እያጠመቀው፣ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«ሽቦ፣ ደስ ይበልህ። ከእንግዲህ ስንታገል ሁለት ጣት ቀንሼልሃለሁ።»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ተርጓሚውን አስጠራው። በጠረጴዛው ላይ የእንግሊዝኛው ደንብ፣ የአማርኛው ትርጉምና ለሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የሚላክ የአደጋ መግለጫ ቅጽ ነበሩ።

«ዘጠነኛው ላይ ያለው ቃል ልፊያ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ጠዋት ጠዋት በር ላይ የምታደርጉት እሱ ነው አይደል?»

«እሱ ከደወል በፊት ነው። አደጋው የደረሰው በአራት ሰዓት ነው። በሩና ማሽኑም አይገናኙም።»

«ሰዓት አልጠየቅሁህም። ትናንት ተላፍታችኋል ወይስ አልተላፋችሁም?»

«ተላፍተናል።»

«እሱን ጻፍልኝ።»

«መከለያው ግን…»

«መከለያው ቦታው ላይ ነው። ሂድና እየው።» እውነትም በዚያ ጠዋት ተመልሶ ታስሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ቅጹን ወደ ተርጓሚው ገፋ አደረገው። «ልፊያ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ራስህ ነህ ያስተማርከን። ስለዚህ ወይ ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ፤ ወይ እሱ ጀመረ፣ አንተ ተከላከልክ። እሱ እንደሆነ ጣቱ አይመለስለትም። አንተ ግን ሙሉ ሰው ነህ፤ መሐላ የፈጸምክ ተርጓሚ ነህ፤ ማኅተም አለህ። ያንተ ቃል ይታመናል። እዚሁ ተቀምጠህ ጻፍ፣ እኔ ሻይ ልጠጣ።»

ተርጓሚው ብዕሩን አነሣ። ከዚያ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «በዕለቱ የማሽኑ ሠራተኛ ከእኔ ጋር ሊላፋ ሲሞክር ተከላከልሁት፤ በዚህም ምክንያት ሐሳቡ ተበትኖ አደጋው ደርሷል።» የዓረፍተ ነገሩ ባለቤትና ማሠሪያ ተስማምተዋል፤ ነጥቡም በቦታው ነው፤ ከእውነት በቀር የጎደለው ነገር የለም። ፈረመበት፤ ማኅተሙንም አሳረፈበት። እኔ ሥራ ላይ ብቆይ እሱን ለመርዳት ይመቸኛል የሚለው ሐሳብ የመጣለት ከፈረመ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ሐሳብ ምንጊዜም የሚመጣው ከፊርማ በኋላ ነው።

የስንብቱ ደብዳቤ ለግንዱ የደረሰው ፋሻው ሳይፈታ ነው። ከደብዳቤው ጋር የምስክሩ ቃል ግልባጭ ተያይዞ ነበር። የእጅ ጽሕፈቱን ያውቀዋል፤ በልጅነታቸው የእርሱን የቤት ሥራ ሳይቀር የጻፈው ያው እጅ ነው። ተርጓሚው ሳምንቱን ሙሉ በሩ እስኪንኳኳ ጠበቀ። ግንዱ መጥቶ ያንቀኛል፣ ይሰድበኛል፣ ግድግዳው ላይ ያላትመኛል ብሎ አሰበ፤ እንዲያውም ይህን ተመኘ። ግንዱ አልመጣም።

ናፍቆቱ የጀመረው ከቱታ መስቀያው ነው። ተርጓሚው በየጠዋቱ ኮቱን ሲሰቅል ጀርባው ሳያዘው ይጠባበቃል፤ ትከሻው ይሰበሰባል፣ እግሩ ግድግዳውን ይፈልጋል። የሚመጣ ግን የለም። በግንዱ ቦታ የተቀጠረው ቆራጭ ሸበቶ፣ ትሑት ሰው ነበር፤ ከሦስት እርምጃ ርቀት ባርኔጣውን አንሥቶ «እንደምን አደሩ» ይላል። የሙጫ ማሽን ሠራተኛዋ አዲስ ሻርፕ ገዝታለች፤ እርሷ ግን ዛሬ ዛሬ የምትሰቅለው በሌላው ጫፍ ነው፤ ሰላምታም አትሰጠውም። መነጽሩ ከወደቀ ሁለት ወር ሆነው። የሸሚዙ ቁልፎች ሁሉ በየቦታቸው ናቸው።

አንድ ቀን ፀጉሩን ሊስተካከል ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን ወደ ጎን ሲያዘነብለው ዓይኑ በድንገት እንባ ሞላ። በሁለት ወር ተኩል ውስጥ የሰው እጅ ያረፈበት ያን ጊዜ ብቻ መሆኑን የተረዳው በዚያ ወንበር ላይ ነው።

«አቆሰልኩህ እንዴ ጌታው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«የለም። ሥራህን ቀጥል።»

ከዚያ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ወደ አክስቱ ቤት ሄደ። አክስቱ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ የጠፋህ ልጅ፣ እግርህን ማን ቆለፈብህ? ሞተሃል ብዬ ላለቅስልህ ነበር። ምነው እንዲህ ከሳህ? ድሮም ሥጋ አልነበረህ። ግባ፣ በር ላይ አትገተር።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው እማዬ።»

«ሥራ ላንተ በዛ፣ ለእሱ ጠፋ። በእያንዳንዱ ፋብሪካ በር ቆሞ መጣ። ወረቀቱን ያዩትና ‹የሚላፋ ሰው እኛ ጋ አይሠራም› ይሉታል። ጣቱን ቢሉት እሺ፤ ጣት ያጣ ሰው ብዙ ሥራ አለው። እንደ ሕፃን ተላፋ ተብሎ መባረር ግን ምን የሚሉት ነው?» ወንበር ሳበችለትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የባሰው ደግሞ ይሄ አይደለም። ትንሿ ልጁ ጀርባው ላይ ስትወጣ ‹ውረጂ› ይላታል። እሱ፣ ያ ልጆቹን እንደ ጆንያ ተሸክሞ ይዞር የነበረው። አሁን ማንንም አይነካም። ማንም እንዲነካው አይፈልግም። አንተ እዚያው ቢሮ ያለኸው፣ ማን እንዲህ ብሎ እንደጻፈበት አታውቅም?»

ተርጓሚው ግንዱ ለእናቱ እንዳልነገራት የተረዳው ያኔ ነው።

«አውቃለሁ እማዬ» አለ።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ግንዱ ወጣ። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶታል። ተርጓሚው ከወንበሩ ተነሣ። ግንዱ ወደ እናቱ ዞረ።

«ሻይ ስጪው እማዬ። እንግዳ ነው» አለና ኮቱን ይዞ ወደ ውጭ ሄደ።

ተርጓሚው በማግስቱ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቃሉን እንደሚያነሣ አመለከተ። ይህን ያደረገው እውነትን ከመውደድ ነው ቢባል ሐሰት ይሆናል። እውነቱን ለሁለት ወር ተኩል ሲያውቀው በሰላም ይበላ ነበር። የሄደው በቱታ መስቀያው አጠገብ ብቻውን የሚቆምበትን ጠዋት መሸከም ስላቃተው ነው። እውነቱን ብናገር ግንዱ ይመለሳል ብሎ አሰበ፤ ግንዱ ሲል ደግሞ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ክንዱን፣ ግፊያውን፣ ከመሬት መነሣቱን ማለቱ ነበር።

መርማሪዋ ፀጉሯን አጥብቃ ያሰረች፣ የማትቸኩል ሴት ነበረች። ፋይሉን ከፍታ የምስክሩን ቃል ወደ እርሱ አዞረችው።

«ማኅተሙ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ሐሰት መሆኑን እያወቁ ነው የጻፉት?»

«እያወቅሁ ነው።»

«ተገደው ነው?»

እዚህ ላይ «አዎ» ቢል ቅጣቱ ይቀልለት ነበር። «ተጠይቄ ነው» አለ። «እምቢ ማለት እችል ነበር።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያም መጻፏን ቀጠለች። «በማሽኑ አጠገብ ልፊያ አልነበረም ነው የሚሉት?»

«አልነበረም። መከለያው ተፈትቶ ነበር። እኔ ፎቅ ላይ ነበርሁ።»

«እስቲ ይንገሩኝ፣ ይሄ ልፊያ የምትሉት ነገር በእናንተ ደንብ ምን ማለት ነው? ቅጹ ላይ ትርጓሜ አልሰፈረም።»

«ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን እንደማይጎዳው እርግጠኛ ሲሆኑ የሚያደርጉት ነገር ነው» አለ ተርጓሚው።

ሴትዮዋ እንዳለው አድርጋ ጻፈችው።

ጉዳዩ ከሦስት ሳምንት በኋላ በሦስት ሰዎች ሸንጎ ፊት ቀረበ። የሙጫ ማሽን ሠራተኛዋ መከለያው ለዘጠኝ ቀን ተፈትቶ ከሙጫ በርሜሎች ኋላ ተቀምጦ እንደነበር መሰከረች፤ እስከዚያ ድረስ ለምን ዝም እንዳለች ሲጠይቋት፣ የጠየቃት ሰው እንዳልነበረ መለሰች። ሸንጎው ለውሳኔ ሲቀመጥ ምስክሮቹና ባለጉዳዮቹ ወደ መተላለፊያው ወጡ። በመተላለፊያው አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። ግንዱ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ተርጓሚው ሄዶ ከጎኑ ተቀመጠ።

«ነገርኳቸው እኮ» አለው።

«ሰምቻለሁ።»

«ሁሉንም ነው የነገርኳቸው። አንድም አላስቀረሁም።»

መተላለፊያው ውስጥ የአንዲት ጸሐፊ ጫማ ይሰማል። ተርጓሚው ከሦስት ወር በላይ የተራበውን ነገር በዚያ ሰዓት አደረገ፤ ትከሻውን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ የአክስቱን ልጅ ትከሻ ገፋ። ቀስ ብሎ ነበር የገፋው፤ በጥንቱ ልማዳቸው ይህ ጥሪ ነው። መልሱ ቢበዛ አንድ ጉሽሚያ፣ ቢያንስ አንድ ስድብ ነበር።

ግንዱ ተነሥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ቁጣ በፊቱ ላይ አልነበረም።

«ይተዉት» አለ። «ሰው ያያል።»

በአርባ ዓመት ውስጥ አንቱ ሲለው የመጀመሪያው ነበር።

«ግንዱ…»

«ለልጆቼ እንጀራዬን መልሰውልኛል፤ አመሰግናለሁ። በዚያ በኩል ቂም የለኝም። ሌላው ግን እኔ ዘንድ የለም። ባለፈው ልጄ እቅፌ ውስጥ ስትገባ እጄ ራሱ ፈራ። የት ሄጄ ላምጣልዎ?»

ተርጓሚው መነጽሩን አውልቆ ጠረገውና መልሶ አደረገው። በሩ ተከፍቶ ስማቸው ሲጠራ ሁለቱም እኩል ደፉ ላይ ደረሱ። ግንዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ መንገድ ለቀቀ።

«ይቅደሙ» አለው።

ሸንጎው ያን ዕለት እንዲህ ሲል ወሰነ። በቆራጩ ላይ የተጻፈው የስንብት ምክንያት ተሠረዘ፤ በዚያው ፋብሪካ በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊነት ሥራ እንዲሰጠው ታዘዘ። ሥራ አስኪያጁ ከኃላፊነቱ ተነሣ። ተርጓሚው በማኅተሙ የሐሰት ምስክርነት በመስጠቱ ከሥራ ተሰናበተ፤ የተርጓሚነት ፈቃዱም ለአምስት ዓመት ታገደ። ማኅተሙን ከመውጣቱ በፊት ለጸሐፊዋ አስረክቦ ደረሰኝ ተቀበለ።